ከበሽታው ይልቅ ሐሜቱን የመረጠው ጋትኩዋት

ጋትኩዋት ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኞችን ሻንጣ የሚጭንና የሚያወርድ ሠራተኛ ነው። የአዲስ አበባው አውሮፕላን እንዳረፈ ጋሪውን እየገፋ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነበር። ረጅም ነው፤ በኑዌሮች ዘንድ እንኳ ረጅም የሚባል። ግንባሩን ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚያቋርጡት መስመሮች በጉርምስናው ጊዜ ኢታንግ አጠገብ ባለችው የትውልድ መንደሩ የተቀረጹ ናቸው። ያን ቀን ምላጩ ሲያልፍበት ዓይኑን እንዳላርገበገበ እናቱ እስከ ዕለተ ሞቷ ስታወራ ኖራለች። ጋትኩዋት ሕመም አይፈራም። እፍረትን ግን ይፈራል።

ይህን ታሪክ የነገረኝ ራሱ ነው። «ስትናገር ስሜን አትደብቅ፤ ተደብቄ የኖርኩት ይበቃኛል» ብሎኛል።

ነገሩ ሲጀምረው ምንም አላመመውም። አንድ ጠዋት ልብሱን ሲለብስ የግራ ቆለጡ ከቀኙ ተለቅ ብሎ አገኘው። ከባድ ሻንጣ ሳነሳ ተጎድቼ ይሆናል ብሎ ተወው። ክረምቱ አለፈ፣ በጋው መጣ፤ እብጠቱ ግን አልሄደም። መጀመሪያ ሎሚ፣ ቀጥሎ ማንጎ አከለ፤ በኋላ በኋላ የሚያመሳስልበት ፍሬ አጣለት። አያመውም፤ ይከብደዋል፣ ይጎትተዋል። በጋሪው ላይ ሲያጎነብስ እግሮቹን ከፈት አድርጎ መቆም ጀመረ። ከሥራ በኋላ ከባልደረቦቹ ጋር ባሮ ወንዝ ወርዶ መታጠቡን ተወ። በዚያ ሙቀት ላይ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ኮት ለበሰ።

አንድ ጊዜ በስውር መፍትሔ ፈልጎለት ነበር። ራቅ ብሎ ገጠር ውስጥ እንዲህ ያለውን ውሃ በመርፌ የሚያፈስ ሰው አለ ሲሉ ሰምቶ፣ የታመመ ዘመድ ልጠይቅ ብሎ ከቤት ወጣ። ሰውየው ወጋው፤ ውሃው ወረደ፤ ጋትኩዋትም ቀሎት እያፏጨ ተመለሰ። ደስታው ግን አልሰነበተም። ብርድ ብርድ አለው፣ ትኩሳት ጣለው። ለሚስቱ ለኛሙት «ወባ ነው» አላት። ትኩሳቱ ሲለቀው እብጠቱ ከድሮው ብሶ ተመለሰ።

ኛሙት ገበያ ላይ የደረቀ ዓሣ ትሸጣለች። ዓይኗም አፏም የማይዘገይ ሴት ናት። ባሏ መጀመሪያ «ሙቀቱ አላስተኛኝ አለ» ብሎ አልጋውን ወደ ውጭ ሲያወጣ ዝም አለች፤ ጋምቤላ ነውና ምክንያቱ ያስኬዳል። ዝናቡ መጥቶም በረንዳው ላይ ሲቀር ግን ልቧ ተጠራጠረ። ገላውን በር ዘግቶ ይታጠባል። በየጊዜው አዲስ ሱሪ ይገዛል። ስትነካው ይሸሻል። የገበያ ጓደኞቿን ብታማክር ሁሉም በአንድ ቃል ፈረዱ፤ «ሌላ ሴት ይዟል!»

ኛሙትም ወደ አጎቷ ወደ ዴንግ ላከች። ዴንግ ኢታንግ የሚኖር የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ በቤተሰቡ ውስጥ እሱ የተናገረው አይመለስም። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጋትኩዋት ከሚያመልክበት ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሽማግሌዎች ጋር በጋትኩዋት ግቢ፣ በኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ኛሙት ክሷን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተናገረች። «ለምን ከአልጋዬ እንደሸሸ ይንገረኝ፣ ሌላ አልጠይቅም» አለች።

«ሰማህ፣ ልጄ?» አለ ዴንግ። «መልስህ ምንድን ነው?»

ጋትኩዋት መሬት መሬቱን አየ። እውነቱን ቢናገር የሚስቱ ዘመዶች ሁሉ ያውቃሉ። በአማቾቹ ፊት ስለዚያ የሰውነቱ ክፍል አፉን ከሚከፍት ሞት ይሻለዋል። ደግሞስ ማን ያዝንለታል? እርግማን ነው ይላሉ፤ ከእንግዲህ ወንድ አይደለም ይላሉ። ሌላ ሴት መያዝ ግን ኃጢአት ቢሆንም የወንድ ኃጢአት ነው።

«እውነቷን ነው» አለ። «ሌላ ሴት አለችኝ።»

ኛሙት እንዲህ በአንድ ቃል ያምናል ብላ አልጠበቀችም ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ማን ናት?» አለ ዴንግ።

«አታውቋትም።»

«የት ነው የምትኖረው?»

«ሩቅ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ሴትየዋን እስኪተው ድረስ በአምልኮ ሰዓት ከበሮ እንዳይመታ ወሰኑ። ከበሮው የጋትኩዋት ነበር፤ እሱ ሲመታው ሽማግሌዎችም ይነሣሉ። ኛሙት ደግሞ ልጆቿን ይዛ ከአጎቷ ጋር ወደ ኢታንግ ሄደች። ትልቁ ልጁ ጆሴፍ መኪናው ላይ ሆኖ ወደ ኋላ ሲያየው፣ ጋትኩዋት እጁን ማውለብለብ አቃተው።

የሚገርመው፣ ውሸቱ አንድ ሰሞን አስከበረው። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ወሬው ሲሰማ አንዳንዶቹ ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ ሳቁ። እሱም ሳቀ። ቤቱ ሲገባ ግን የሚያናግረው ሰው የለም። ምሳውን ብቻውን ይበላል፤ እሑድ እሑድ ከመጨረሻው ወንበር ሆኖ ሌላ ሰው ከበሮውን እያዛነፈ ሲመታው ይሰማል።

ከዚህ ያወጣው የሱሪ ጉዳይ ነው።

መሐመድ ገበያው አጠገብ የልብስ ሱቅ አለው። በወጣትነቱ ከወሎ መጥቶ ጋምቤላ ቀረ፤ አሁን ጢሙ ሸብቷል፤ ኑዌርኛም አኙዋክኛም እንደ ነገሩ ይናገራል። ጋትኩዋት የድሮ ደንበኛው ነው። አማርኛን የተማረው ገበያ ላይ ስለሆነ «እርስዎ» የሚባል ቃል አያውቅም፤ መሐመድም በዚህ ተቀይሞት አያውቅም።

«ጋሽ መሐመድ፣ ከዚህ ሰፋ ያለ ሱሪ አለህ?» አለው ያን ቀን።

መሐመድ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየው። «ባለፈው የወሰድከው ጠበበህ?»

«ጠበበኝ።»

«አንተ ሰው፣ ወገብህ እየቀጠነ፣ ጉንጭህ እየገባ፣ ሱሪህ ብቻ እንዴት ነው የሚሰፋው?»

መሐመድ ተነሥቶ የሱቁን በር ገርበብ አደረገና አንድ በርጩማ ገፋለት። ጋትኩዋት እግሮቹን ከፍቶ በጥንቃቄ ሲቀመጥ ሽማግሌው ነጋዴ ራሱን ነቀነቀ።

«ቡአ ነው ወይስ ውሃ የቋጠረው?»

እንዲህ በቀጥታ፣ ስለ ጥርስ ሕመም እንደሚጠየቅ ያለ ጥያቄ ነበር። ጋትኩዋት ያን ሁሉ ዘመን የተሸከመው ነገር ስም እንዳለው እንኳ አያውቅም ነበር። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«አላውቅም» አለ። «እንጃ። በጣም ትልቅ ሆኗል።»

«እንግዲያው የኔን ስማ» አለ መሐመድ። «እኔ አሁን እንደዚህ ተዝናንቼ ስቀመጥ ታያለህ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን ሽንት ቤት ገብቼ መውጣት የማልችል ሰው ነበርኩ። ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ጠብ ጠብ ይልና ያቆማል። ከሶላት መሀል አቋርጬ እወጣለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ሽማግሌ ስለ ሽንቱ ምን ብሎ ያወራል? አንድ ቀን ጭራሽ ተዘጋ። ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ሚስቴ ነሲባ ባትኖር ሞቼ ነበር፤ እየጎተተች ወሰደችኝ። ቱቦ አስገብተው ሲያፈሱልኝ አልሐምዱሊላህ እያልኩ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ፕሮስቴት ነው አሉኝ፤ የወንድ ዕጢ ነው፣ ከዕድሜ ጋር ያብጥና መንገዱን ይዘጋል። በኋላ በቀዶ ሕክምና አስተካከሉኝ። ይኸው አለሁ።»

ጋትኩዋት በሹክሹክታ ጠየቀ።

«ይቆርጡታል?»

«ምኑን?»

«ወንድነቴን።»

መሐመድ አልሳቀም። «የሚቆርጡህ ቢሆን ልውሰድህ እል ነበር?» አለና ቁልፉን አነሣ። በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያው በደራበት ሰዓት፣ ሱቁን ዘግቶ ባጃጅ ጠራ።

ሆስፒታል የተቀበላቸው ዶክተር ኤልናታን የሚባል ወጣት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። መሐመድ ከውጭ ቀረ። ጋትኩዋት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሱሪውን አወረደ። ሐኪሙ ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይ በእጁ መረመረው፤ አስተኝቶም አስነሥቶም እንዲስል አደረገና መጋረጃውን ጋረደ።

«አሁን አንድ ነገር ላሳይዎት» አለ። ትንሽ የእጅ ባትሪ አበራና ከእብጠቱ ሥር አስጠጋው።

ጋትኩዋት ቀና ብሎ አየ። በጨለመው ክፍል ውስጥ ያ ሲጠላው የኖረው ነገር በሙሉ እንደ ፀሐይ መጥለቂያ ቀልቶ በራ።

«ያዩታል? ብርሃን ያሳልፋል። ውስጡ ውሃ ነው ማለት ነው። በዘር ፍሬው ዙሪያ ያለው ከረጢት ውሃ ቋጥሯል። አልትራሳውንድ ደግሞ እናነሣለን፤ ከውሃው ጀርባ ሌላ ነገር አለመኖሩን ለማረጋገጥ።»

«እርግማን አይደለም?»

«አይደለም። ምክንያቱ ብዙ ነው። ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ የዘር ፍሬው መቆጣት ሊሆን ይችላል። በእኛ አካባቢ ደግሞ ዝሆኔን የሚያመጣ ትል አለ፤ በትንኝ ንክሻ የሚገባ። እግር ብቻ አይደለም የሚያሳብጠው። በዘመቻ የሚታደለውን ክኒን ይወስዳሉ?»

ጋትኩዋት ክኒኑን እየተቀበለ ኪሱ ውስጥ ሲጨምረው እንደኖረ ተናዘዘ። ስለ መርፌው ሰውም ተናገረ። ሐኪሙ አልተቆጣም፤ ውሃውን ብቻ ቢያፈሱት ከረጢቱ ስላለ ተመልሶ እንደሚሞላ፣ ንጹሕ ባልሆነ መርፌ ደግሞ ጀርም ገብቶ የዘር ፍሬውን ሊያሳጣው ይችል እንደነበር አስረዳው። «እርስዎን እግዚአብሔር ነው የጠበቀዎት» አለው።

አልትራሳውንዱ የዘር ፍሬው ጤነኛ መሆኑን አሳየ። የቀዶ ሕክምናው ቀን ሲቆረጥ ሐኪሙ አስታማሚ ይዞ እንዲመጣ ነገረው።

«የለኝም» አለ ጋትኩዋት።

«ሚስት አላገቡም?»

ጋትኩዋት ወጥቶ ለመሐመድ ሲነግረው ሽማግሌው ስልኩን አውጥቶ ዘረጋለት። «ደውልላት።»

«ታፍርብኛለች።»

«አሁን ምን እያደረገች ነው የምትለው? ኮርታብህ ነው የሄደችው?»

ጋትኩዋት ደወለ። በስልክ ግን ከ«ሊያክሙኝ ነው፣ ነይ» በቀር መናገር አልቻለም። ኛሙት ስልኩን ዘጋችው። በማግሥቱ ቀትር ላይ ከኢታንግ በመጣ ሚኒባስ ወርዳ፣ ጋትኩዋት በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሳለ ግቢው ውስጥ ቆመች። ሻንጣዋን አላስቀመጠችም።

«የጆሴፍ አባት፣ ምንህን ነው የታመምከው? ሴትየዋ ናት ያስያዘችህ?»

«ሴት የለችም» አለ።

«ምን?»

«ሴት ኖራ አታውቅም።» ከዚያ ወደ ቤት አስገብቶ በሩን ዘጋና አሳያት።

ኛሙት ነጠላዋን ከትከሻዋ መዝዛ ትመታው ጀመር፤ ጀርባውን፣ ክንዱን፣ ራሱን። እየመታችው ታለቅሳለች፤ እያለቀሰች ደግሞ ሳቋ ያመልጣታል።

«ይህን ደብቀህ ሌላ ሴት አለችኝ ትለኛለህ? በአጎቴ ፊት? ከመስተዋት ፊት ቆሜ ምኔን እንደጠላው ስፈልግ የኖርኩት ለዚህ ነው? ባል ሲታመም ሚስት የምትሄድ መሰለህ? እኔ የሄድኩት ጤነኛ ባል ነው ጥዬ!»

«ወንድ አይደለህም እንዳትይኝ ፈርቼ ነው።»

«አሁን እልሃለሁ» አለች፤ ግን አጠገቡ ተቀምጣ እጁን ያዘችው። ልጆቹን በኋላ አመጣቸዋለሁ ብላ ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያው ግቢ ቀረች።

ቀዶ ሕክምናው በተደረገ ቀን ወገቡ ላይ ማደንዘዣ ወጉት። እግሮቹ የእሱ አልመስል አሉት። ሐኪሙና ነርሶቹ እየሠሩ ስለ እግር ኳስ ሲከራከሩ ሰማ፤ ለእነሱ ይህ የዘወትር ሥራ እንደሆነ ሲገባው ከሁሉ የበለጠ ያጽናናው ያ ነበር። ሲያልቅ ዶክተር ኤልናታን ወደ ጆሮው ጎንበስ ብሎ «ሁሉም በቦታው ነው» አለው። ጋትኩዋት ሐኪሙን በኑዌርኛ ባረከው፤ አማርኛው በዚያ ሰዓት ጠፍቶበት ነበር።

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ አንድ ነገር አስደነገጠው፤ ቁስሉ አካባቢ እንደገና አበጠ። ተመልሶ ሲታይ ይህ የሚጠበቅ መሆኑን፣ ደገፍ የሚያደርግ ጠበቅ ያለ የውስጥ ሱሪ ለብሶ ማረፍ እንዳለበት፣ ከባድ ነገር እንዳያነሣ፣ ከሚስቱም ጋር ለጥቂት ሳምንታት እንዲታገሥ ነገሩት። ኛሙት የመጨረሻውን ስትሰማ «እሱስ ለምዶታል!» ብላ ነርሶቹን ሁሉ አሳቀቻቸው። ያጠበችው፣ ያበላችው፣ ሲያዝንም የቀለደችው እሷ ናት። የሥራ አለቃው ጥዑመልሳን ደግሞ እስኪጠነክር ብሎ ከጭነቱ አውጥቶ ሻንጣ ላይ ወረቀት ማሰር ላይ መደበው። ምን እንደታመመ ሲጠይቀው ጋትኩዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይንተባተብ ተናገረ። ጥዑመልሳን ዞር ዞር ብሎ አየና «የእኔም ወንድም እንዲሁ ነበር» አለው።

እብጠቱ ሄዶ መራመዱ ሲስተካከል ሽማግሌዎቹ ዳግም ተቀመጡ። ኛሙት እውነቱን መናገሩን ለእሱ ትታለት ስለነበር፣ ስለ ሴትየዋ ንስሐ ሊቀበሉት ነበር የመጡት። ዴንግ በጸሎት ከፈተና «ያቺን ሴት ተውካት?» ብሎ ጠየቀ።

ጋትኩዋት ቆመ። ኛሙት ከጎኑ ነበረች።

«አባቶቼ፣ ሴት አልነበረችኝም። ዋሽቻችኋለሁ። የዘር ፍሬዬ ከረጢት ውሃ ቋጥሮ ነበር። ይህን ከመናገር አመንዝራ መባል ቀለለኝ። ስለ ውሸቱ ይቅር በሉኝ። ስለ በሽታው ግን ይቅርታ አልጠይቅም፤ እንደ ወባ ሁሉ ያዘኝ፤ ታክሜ ድኛለሁ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት አፉን በመዳፉ ሸፈነ። ሌላው «ሰውን ያለ ኃጢአቱ ቀጣነው ማለት ነው» ብሎ ራሱን ያዘ። ይቅር ተባባሉ፤ ከበሮውም ተመለሰለት። ዴንግ ግን አልሳቀም።

ሌሎቹ ሲነሡ እሱ ተቀምጦ ቀረ። ኛሙት ውሃ ልታመጣ እስክትገባ ጠብቆ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ያ ሐኪም… ሽማግሌም ያያል?»

ጋትኩዋት ወዲያው ገባው። ይህ ሰው፣ ዘመድ ሁሉ የሚፈራው ሰው፣ ለምን በአምልኮ ሰዓት ሁልጊዜ ተቀምጦ እንደሚዘምር፣ ለምን ረጅም መንገድ እንደማይሄድ አሁን ታየው። «ያያል፣ አባቴ» አለ። «እኔ እወስድሃለሁ።»

የዴንግ እብጠት ውሃ አልነበረም። ሐኪሙ ባትሪውን ሲያበራ ብርሃኑ አላለፈም፤ አንጀቱ በብሽሽቱ በኩል ወርዶ ነው፤ ቡአ ነው። «አንጀቱ ታንቆ ቢሆን ኖሮ ኢታንግ ላይ እንዳሉ በአንድ ቀን ሊገድልዎት ይችል ነበር» አለ ዶክተር ኤልናታን። «ድንገት ከባድ ሕመም ሲመጣ የሚያስጠብቅ አይደለም። ለወጣቶቹም ይንገሩልኝ፤ ቆለጡን ድንገት ያመመው ልጅ እፍረቱን ትቶ በዚያው ሰዓት ይምጣ፤ ሰዓታት ከዘገየ ፍሬው ይሞታል። ጠጣር እባጭ ያገኘም ባያመው እንኳ ይታይ።» ዴንግ ይህን ሁሉ እንደ ስብከት አንገቱን እየነቀነቀ ሰማ፤ በኋላም ኢታንግ ላይ ከወንዶች ጉባኤ ፊት ቆሞ አንድም ቃል ሳያስቀር ተናገረው ይባላል።

ቡአው በቀዶ ሕክምና ከተስተካከለ በኋላ በተኛበት ክፍል ጋትኩዋት አስታመመው። መሐመድም ነሲባ የሠራችውን ሾርባ በፔርሙስ ይዞ መጣ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ቀድሞ አይተዋወቁም ነበር፣ ግን ስለ ሽንትና ስለ ቡአ እንደ ወንድማማች ተጫወቱ። ዴንግ ሾርባውን ከመቅመሱ በፊት ልጸልይ አለ። በኑዌርኛ ጀመረ። ስለ ሐኪሙ እጅ፣ ስለ ማደንዘዣው፣ ስለ ነጋዴው፣ ስለ ነጋዴው ሚስት፣ አፏ ስለማይዘገየው ስለ እህቱ ልጅ፣ ዋሽቶም ቢሆን እውነቱን መናገር ስለቻለው ስለ ባሏ እግዚአብሔርን አመሰገነ። ጸሎቱ ረዘመ። ነርሱ መርፌውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ፤ መሐመድ መዳፎቹን ዘርግቶ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሾርባው ቀዘቀዘ፤ ማንም ግን ያስቸኮለው አልነበረም።